የኤሌክትሮን ጨረር ማብሪያ ማጥፊያ ምንድን ነው?

ከህዳሴ ግድብ ተነስቶ በዴዴሳ በኩል የሚመጣው የ500 ኪሎ ቮልት መስመር ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ ሆለታ ይደርሳል። በዚያ በኩል ያለፈ ሰው ግዙፎቹን ምሰሶዎች ሳያይ አይቀርም። እኔን ሁሌም የሚገርመኝ ግን ይህን ያህል ኃይል እንዴት እንደሚጠፋ ነው።

ማብራቱ ይቀላል፤ ከባዱ ማጥፋቱ ነው። የቤታችን ማጥፊያ ሁለት ብረቶችን ያለያያል፣ አለቀ። ቮልቴጁ ከፍ ሲል ግን ብረቶቹ ቢለያዩም ጅረቱ አይቆምም። ብየዳ ቤት እንደምናየው እሳት እየነደደ በአየሩ ውስጥ ይቀጥላል። ሰብስቴሽን (የኃይል ማከፋፈያ ጣቢያ) ውስጥ ያለው ብሬከር የሚባለው ትልቅ ማጥፊያ ይህን እሳት ብዙውን ጊዜ ሰልፈር ሄክሳፍሎራይድ በሚባል ጋዝ ነው የሚያጠፋው። ጅረቱ ኤሲ፣ ማለትም አቅጣጫው እየተገላበጠ የሚሄድ፣ መሆኑም ያግዘዋል። የእኛ መብራት በሰከንድ 100 ጊዜ ዜሮ ላይ ያልፋል፤ እሳቱ የሚሞተው በዚያች ቅጽበት ነው። ከወላይታ ሶዶ ወደ ኬንያ እንደሚሄደው መስመር ዲሲ፣ ማለትም ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚፈስ፣ ከሆነ ግን ያቺ ቅጽበት የለችም።

የኤሌክትሮን ጨረር እዚህ ላይ ይመጣል። አየር በሌለው ቱቦ ውስጥ ካቶድ የሚባለው ብረት ሲግል ኤሌክትሮን ይለቃል። ከፊቱ ያለው አኖድ ፖዘቲቭ ስለሆነ ይስባቸዋል። ጅረቱ ያለ ሽቦ አለፈ ማለት ነው። መሃል ላይ ግሪድ የሚባል መረብ አለ። ግሪዱ በቂ ነጌቲቭ ቮልቴጅ ሲሰጠው ኤሌክትሮኖቹን ይመልሳቸዋል፣ ጅረቱም ይቋረጣል። የሚንቀሳቀስ ብረት የለም። በ10 ኪሎ ቮልት የተሳበ ኤሌክትሮን በሰከንድ 58 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሚሮጥ ሥራው በማይክሮ ሰከንድ፣ ሲፈጥንም በናኖ ሰከንድ ያልቃል።

የዚህ ቱቦ ዘመድ በየቤታችን ነበረ፤ አሁን ቆራሌው የሚሰበስበው ባለ ትልቅ ሆድ ቲቪ። ከጀርባው ቀጭን የመስታወት አንገት አለው። ቲቪው ሲበራ እዚያ ውስጥ ትንሽ ብርቱካናማ ፍም ትታያለች፤ ካቶዱን የምታግለው እሷ ናት። አደራ፣ ማንም እንዳይከፍተው። ከተነቀለ በኋላም ገዳይ ቻርጅ ሊይዝ ይችላል።

ሌላም ዓይነት አለ። ጨረሩ በስስ ብረት በኩል ጋዝ ወዳለበት ክፍል ይገባና ጋዙን አስተላላፊ ያደርገዋል። ጨረሩ ሲቆም ጋዙ ወዲያው ጅረት መከልከል ይጀምራል። ይህ ብዙ ጅረት ስለሚሸከም እኔ የበለጠ የምወደው እሱን ነው።

ታዲያ ሆለታ ላይ ለምን አይተከልም? ቱቦው ሲበራ ራሱ ብዙ ቮልት ይበላል። ኤሌክትሮኖቹ አኖዱን ሲመቱት በጣም ያግላል፣ ኤክስሬይም ይወጣል። ካቶዱም እያደር ያረጃል። ቀንም ሌሊትም ኃይል ለሚያልፍበት መስመር ይህ ኪሳራ ነው። ጅረት ለአጭር ቅጽበት ተለቆ ወዲያው በሚቆረጥባቸው ራዳሮችና የቅንጣት ማፍጠኛዎች ላይ ግን የግሪድ ቱቦዎች ለአሥርተ ዓመታት ሲሠሩ ኖረዋል።