«ፊት ከሰጠሻቸው ራስሽ ላይ ይወጣሉ» እና ሌሎች ጆሮዬን ያደነቆሩ የአለቅነት ምክሮች

ሳይት ላይ 16 ዓመት ሆነኝ። ስንት ሕንፃ እንደሠራሁ ብትጠይቁኝ አንድ በአንድ እቆጥርላችኋለሁ። «ፊት ከሰጠሻቸው ራስሽ ላይ ይወጣሉ» የሚለውን ምክር ስንቴ እንደሰማሁ ግን ቁጥሩ ጠፍቶኛል። አሠሪው ይለኛል። ዘበኛው ይለኛል። ባለፈው እሁድ ደግሞ እህቴ ቤት ቡና ላይ ልጄ መኝታ ቤት ገብቶ አዲሱ ምንጣፍ ላይ ሻይ ደፋ። አልተቆጣሁትም። ይኼኔ በሕይወቷ አንድ ሰው ቀጥራ የማታውቅ ጎረቤት ያቺኑ ምክር ደገመችልኝ። ቡናው እንዳይበላሽ ዝም አልኩ፤ መልሱን እዚህ ልጻፈው።

ጥቃቅኖቹን ቶሎ ልጨርስ።

«መሪ ሆኖ ይወለዳል።» ከማዋለጃ ክፍል ፎርማን ሲወጣ አላየሁም።

«አለቃ ይቅርታ ከጠየቀ ይናቃል።» የሚናቀው ተሳስቶ በሌላ ሰው የሚያሳብበው ነው። ማን እንደተሳሳተ እኮ ሠራተኛው ከእናንተ በፊት ያውቃል።

«ጎበዝ ሠራተኛ ጎበዝ አለቃ ይሆናል።» ይቺ ትንሽ ቃል ትፈልጋለች። አንድ ፌራዮ ነበረን፤ ብረት ሲያስር እጁ አይታይም። ፎርማን አደረግነው። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ሌሎቹ ያሰሩትን እየፈታ ራሱ እንደገና ያስር ጀመር፤ ልጆቹ እጃቸውን አጣጥፈው ያዩታል። ጥፋቱ የእኛ ነበር፤ ሰው ማሠራትን ሳናስተምረው መጠሪያውን ብቻ ቀየርንለት። ስቄበት ነበር። ማታ ቤት ስገባ ደግሞ ልጄ ሰሃን ሲያጥብ «ተወው፣ እኔ ልጠበው» እላለሁ፤ ከዚያ ለእናቴ ስልክ ደውዬ «ይሄ ልጅ ምንም አይሠራም» ብዬ አማርራለሁ።

አሁን ወደ ዋናዋ።

«ካልፈሩሽ አይሠሩልሽም።»

መጀመሪያ ስለ አርማታ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ሲሚንቶና ውሃ ልክ አላቸው። ውሃ ሲበዛ ድብልቁ ይላላል፣ ለመሙላት ይመቻል፣ ሠራተኛው ወገቡን ያሳርፋል። ሲደርቅ ግን ትርፉ ውሃ የነበረበት ቦታ ጥቃቅን ቀዳዳ ሆኖ ይቀርና ጥንካሬው ይወርዳል። በዓይን አይታይም፤ ከላይ ሲያዩት ያምራል። ለዚህ ነው ናሙና በኪዩብ ሻጋታ ተወስዶ፣ ጥንካሬው እንዲለካ በ7ኛውና በ28ኛው ቀን ማሽን ላይ የሚሰበረው።

ሥራ ስጀምር በነበርኩበት ሳይት ፎርማናችን ሁሉም የሚፈራው ሰው ነበር። ድምፁ አርማታ ከሚያቦካው ማሽን፣ ከሚክሰሩ ይበልጣል። ብቅ ሲል ሁሉም ባሬላ ያነሳል፣ ባዶውን ጭምር። አሠሪው ይወደው ነበር። እውነቱን ለመናገር እኔም ወድጄዋለሁ፤ አዲስ ስለነበርኩ እሱ ሲጮህ እኔ አርፋለሁ። አንድ ቀን ኮለን (ሕንፃውን የሚሸከመውን ምሰሶ) እየሞላን ሥራው ዘገየ፣ ፀሐዩም ከረረ፣ ድብልቁ እምቢ አለ። ሚክሰሩ ላይ ያለው ልጅ ውሃ ጨመረበት። አንዴ አይደለም፣ ደጋግሞ። አጠገቡ የነበሩት አራት ሰዎች አይተዋል። ትንፍሽ ያለ የለም። የ7 ቀኑ ውጤት ወርዶ መጣ፣ የ28ቱም ያው ሆነ፤ ስድስት ኮለን አፈረስን።

ልጁን ለብቻው ጠርቼ «ለምን አልነገርከንም?» አልኩት። «ብናገር ዛሬውኑ እባረራለሁ፤ ዝም ብል ላይታወቅ ይችላል» አለኝ። ሒሳቡን ተመልከቱት እስቲ። ስህተቱ የቱ ጋ ነው? ያ ፎርማን 60 ሰው ያሠራል እንላለን እንጂ፣ እግረ መንገዱን 60 ሰው መደበቅ ያስተምር ነበር።

የእኛ ኮለን ፈረሰ እንጂ ሰው አልሞተብንም። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1977 በስፔኗ የቴነሪፍ ደሴት ሁለት ቦይንግ 747 አውሮፕላኖች ጉም ውስጥ መንደርደሪያው ላይ ተጋጭተው 583 ሰው አልቋል። ለመነሳት በሚንደረደረው የሆላንዱ አየር መንገድ የኬኤልኤም አውሮፕላን ውስጥ የበረራ መሐንዲሱ፣ ሌላኛው አውሮፕላን ከመንገዱ መውጣቱን ተጠራጥሮ ጠይቆ ነበር። ካፒቴኑ አንቱ የተባለ፣ ሌሎች አብራሪዎችን የሚያሠለጥን ሰው ነው። ወጥቷል አለ። መሐንዲሱም ዝም አለ። ከዚያ በኋላ ነው አየር መንገዶች የበታቹ ደፍሮ እንዲናገር፣ የበላዩም ቆም ብሎ እንዲሰማ በሥልጠና ማስተማር የያዙት። እኛ ጋ አሁንም «ዝምታ ወርቅ ነው» ይባላል።

«እና ልቅ ይሁን?» ይሉኛል። ማን አለ? ሄልሜት ሳያደርግ ሳይቴ የሚገባ ይመለሳል፣ አሠሪውም ቢሆን፤ አንዴ መልሼው አኩርፎኛል። እኔ የምለው፣ አጥፍቶ ራሱ የተናገረና ደብቆ የተያዘ እኩል አይቀጡ ነው። ደግሞ አጠያየቃችሁን አስተካክሉ። «ችግር አለ?» ብላችሁ ከጠየቃችሁ መልሱ እስከ ዕለተ ምጽአት «የለም» ነው። እኔ «ዛሬ ሚክሰሩ ውስጥ ስንት ባልዲ ገባ?» ብዬ ነው የምጠይቀው። ማታ ማታ ሥራ ስንጨርስ አሥር ደቂቃ ቆመን የተበላሸውን እንነጋገራለን፤ መጀመሪያ የራሴን እናገራለሁ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ብቻዬን ነው ያወራሁት። በአራተኛው ሳምንት አንድ የቀን ሠራተኛ እጁን አወጣና «ቫይብሬተሩ ከጠዋት ጀምሮ አይሠራም ነበር» አለ፤ አርማታውን እያንቀጠቀጠ የሚያጠጋጋው መሣሪያ ማለቱ ነው። ሁሉም ዞሮ ፊቴን አየ። ያቺን ደቂቃ ብጮህ ኖሮ ሌላ ሦስት ዓመት ይፈጅብኝ ነበር። ውስጤ ግን ተቃጥሏል፣ አልዋሽም።

«ከደመወዙ ቁረጪበት፣ ይማራል» የምትሉም አላችሁ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጁን፣ ቁጥር 1156/2011ን፣ አንብቡት። ደመወዝ ለመቁረጥ እንደ ሕግ፣ የኅብረት ስምምነት፣ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም የሠራተኛው የጽሑፍ ስምምነት ያለ መሠረት ያስፈልጋል፤ ቢቆረጥም ከወር ደመወዙ ሲሶ አያልፍም። ሕጉ ቢቀር እንኳ፣ ለሰበረው የሚቆረጥበት ሰው ስብርባሪውን የት እንደሚደብቅ ያውቃል።

ያለ ፍርሃት ሰው አይታዘዝም የሚለኝን ደግሞ ወደ እድር ነው የምልከው። የእናቴ ሰፈር የእድር ዳኛ ጡረተኛ ናቸው። ደመወዝ የላቸውም፣ ድምፃቸውም ከሁለት ወንበር አያልፍም። ጡሩምባ ሲነፋ ግን ድንኳኑ ሳይነጋ ተተክሏል። ቅጣት አለ፣ ከቀብር የቀረ ይከፍላል። ልኩ ግን በደንቡ ላይ ተጽፏል፣ ሁሉም ያውቀዋል። አንድ ጊዜ እሳቸው ራሳቸው ቀርተው በስብሰባው ፊት ከኪሳቸው አውጥተው ከፍለዋል፤ እናቴ እስካሁን ታወራዋለች።

ይህን ሁሉ የማወራው እኔ ቤቴ ውስጥ ያ ፎርማን ነበርኩ። አምና የልጄን አልጋ ሳነጥፍ ከፍራሹ ሥር አራት የሒሳብ ፈተና ወረቀት አገኘሁ። አራት! ሁለቱ ላይ ፊርማዬ አለ፤ እኔ ግን አልፈረምኩም። መጀመሪያ ለመጮህ ነው አፌን የከፈትኩት። ከዚያ የሚክሰሩ ልጅ ትዝ አለኝና አልጋው ላይ ቁጭ አልኩ። ከዚያ ቀን በኋላ ማታ ማታ እቤትም «ዛሬ ምን ተበላሸ?» ጀመርን፤ ያው ከእኔ ነው የሚጀመረው፣ አንዳንዴ በጣም ያሳፍራል።

ጎረቤታችን ያልገባት እዚህ ጋ ነው። ሻዩ የፈሰሰው መኝታ ቤት ውስጥ፣ ማንም በሌለበት ነው። ሁላችንም ሳሎን ቡና ላይ ነበርን። «እማ፣ ምንጣፉ ላይ ሻይ ደፋሁ» ብሎ መጥቶ የነገረን ራሱ ነው።