የምንዛሪ ቅነሳ ምንድን ነው? የሰሊጡና የጤፉ ገበሬ ሂሳብ

መንግሥት «ለ1 ዶላር የምሰጠው ብር ከትናንቱ ይበልጣል» ሲል ብር ረከሰ እንላለን። የምንዛሪ ቅነሳ ማለት ይኸው ነው። ጎንደር ቅዳሜ ገበያ ጤፍ ጭኖ የመጣ ገበሬ ዶላር በእጁ ነክቶ ላያውቅ ይችላል። ዶላሩ ግን ይነካዋል።

በደርግ ዘመን ሁሉ 1 ዶላር 2 ብር ከ7 ሳንቲም ነበር። ኑሮ ሲወደድ እንኳ ምንዛሪው ፈቅ አላለም። ለመተማ ሰሊጥ ይህ ድብቅ ግብር ነበር ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ለሂሳብ እንዲመቸን 1 ኪሎ ሰሊጥ ውጭ አገር 1 ዶላር ይሸጣል እንበል። ላኪው ባንክ ሄዶ የሚያገኘው 2 ብር ከ7 ሳንቲም ነው። ከዚያ የመኪናው፣ የደላላው፣ የራሱም ትርፍ ይቀነሳል። ለገበሬው የምትደርሰው የተረፈችው ናት። መስከረም 1985 ምንዛሪው 5 ብር ሲገባ ያችው ኪሎ 5 ብር አወጣች። ዝናብ አልጨመረ፣ ማሳ አልሰፋ!

የእህል ገበሬው ጣጣ ሌላ ነበር። እሱን የያዘው ኮታ ነው፤ ለመንግሥት በግድ የሚያስረክበው የእህል መጠን። እህሉን የሚረከበው የመንግሥቱ የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት ዋጋውን ቆርጦ ያስቀምጣል። ገበያው ቢወደድም የድርጅቱ ዋጋ ባለበት ነው። አዘዞ ጎረቤታችን የነበሩ አንድ አባት ምርታቸው ኮታውን ሳይሞላ የቀረበትን ዓመት ሲያወሩ፣ «ከገበያ በውድ ገዝቼ ለመንግሥት በርካሽ አስረከብኩ፤ እንዲህ ያለ ንግድ አይታችኋል?» ይሉና ይስቁ ነበር። ኮታው የቀረው በ1982 ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅ ነው።

ታዲያ ከዚያ ወዲህ ብር ሲረክስ ጤፍ ሻጩም ይጠቀማል? እኔ አይመስለኝም። ጤፉ የሚሸጠው እዚሁ በብር ነው፤ ዩሪያው ግን የሚመጣው በዶላር ነው። ቆርቆሮውም ናፍጣውም እንዲሁ። እርግጥ ግሽበቱ ውሎ አድሮ ጤፉንም ያስወድደዋል። ግን መቼ? ብዙው ገበሬ እህሉን የሚያወጣው ጥር ላይ ነው፤ ዕዳና ግብር ሲያጣድፈው፣ ገበያውም በእህል ሲሞላ። ክረምት ላይ ዋጋው ሲሰቀል ጎተራው ተራቁቷል፣ ያኔ እሱም ሸማች ነው።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሔራዊ ባንክ ምንዛሪውን ለገበያ ሲለቅ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በአንድ ቀን 74 ብር ተሻገረ። የመተማ ሰሊጥ ያን ቀን ገና ቡቃያ ነበር። የአምናው ደግሞ ከገበሬው እጅ ወጥቶ ነጋዴው መጋዘን ከገባ ቆይቷል።