«ሦስተኛው ዓመት ገዳይ ነው»፦ የቤላ ጉትማን አባባል ትርጉምና አመጣጥ

አንድ አሠልጣኝ በሦስተኛው የውድድር ዘመኑ መንገዳገድ ሲጀምር «ሦስተኛው ዓመት ገዳይ ነው» የሚል አይጠፋም። የአባባሉ ባለቤት ሀንጋሪያዊው የእግር ኳስ አሠልጣኝ ቤላ ጉትማን ነው (1899–1981፤ ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ብዙ ሰው እንደ ንግርት ይወስደዋል፤ ቁጥሩ ራሱ ክፉ ዕጣ ያለበት ይመስለዋል። ጉትማን ግን የተናገረው ስለ ሥራ እንጂ ስለ ዕጣ አይደለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በመጀመሪያው ዓመት አሠልጣኙ አዲስ ነው፤ ተጫዋቹ ቦታውን ላለማጣት ይለፋል፣ ተጋጣሚም አጨዋወቱን ገና አላጠናም። በሁለተኛው ዓመት ልምምዱ ከተጫዋቾቹ ጋር ይዋሃዳል። በሦስተኛው ላይ ሁለት ነገር አብሮ ይበላሻል፤ መልበሻ ክፍል ውስጥ ንግግሩ ይሰለቻል፣ ዋንጫ ያነሣውም ተጫዋች ይጠግባል፤ በዚያ ወገን ደግሞ ተጋጣሚዎች ኳሱ ከማን ተነሥቶ ለማን እንደሚደርስ ስላወቁ መንገዱን ይዘጉታል። አንዱ ብቻ ቢሆን ይታከም ነበር፤ ሁለቱ ሲገጥሙ ነው የሚገድለው። ጉትማን አሠልጣኝን አንበሳ ከሚያገራ ሰው ጋር ያመሳስለውም ነበር፦ በራሱ እስከተማመነ ድረስ አንበሶቹ ይታዘዙታል፣ ዓይኑ ላይ ፍርሃት የታየ ዕለት ግን አለቀለት።

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነውና፣ አባባሉ ከምን ዓይነት ሕይወት እንደወጣ ማየት ይገባል። ጉትማን የቡዳፔስት አይሁዳዊ ነበር። ተጫዋች ሳለ ከኤምቲኬ ጋር የሀንጋሪን፣ በ1925 ከሃኮአ ቪየና ጋር የኦስትሪያን ሊግ አሸነፈ። ኒው ዮርክ ሄዶ ያጠራቀመውን ገንዘብ የ1929ኙ የአክሲዮን ገበያ ውድቀት በላው። በጦርነቱ ጊዜ ጣሪያ ሥር ተሸሸገ፤ ኋላ የግዳጅ ሥራ ካምፕ ገባና በ1944 አመለጠ። አባቱና እኅቱ ግን በናዚዎች እጅ አለቁ። እንዲህ ያለ ሰው አንድን ክለብ እንደ ቋሚ ቤት ባይቆጥር ማን ይፈርድበታል?

በ1948 የሀንጋሪውን ክለብ ኪሽፔሽትን ሲያሠለጥን የሆነው አንበሳ ስለማግራት የተናገረውን በተግባር ያሳያል። ዤር ከተማ ላይ በተደረገ ጨዋታ ከራሱ ቡድን አንድ ተከላካይ አስቸገረው። ተጫዋች መቀየር አይፈቀድም ነበርና፣ በ10 ሰው መጫወት ይሻላል ብሎ ተከላካዩ ከእረፍት በኋላ እንዳይገባ አዘዘ። የ21 ዓመቱ የቡድኑ ኮከብ ፌሬንስ ፑሽካሽ ግን «ግባ» አለው፤ ልጁም ገባ። ጉትማን ሁለተኛውን አጋማሽ ተመልካች መሀል ተቀምጦ የፈረስ እሽቅድምድም ጋዜጣ ሲያነብ ጨረሰና ሄደ፤ ወደ ክለቡም አልተመለሰም። በ1955 ደግሞ ኤሲ ሚላን ሊጉን እየመራ አሰናበተው። ከዚያ ወዲህ ቡድኑ ደረጃውን እየመራ ሳለ ሊባረር እንደማይችል ውሉ ውስጥ ያስጽፍ ጀመር።

በ1957 የብራዚሉን ክለብ ሳኦ ፓውሎን የግዛቱ ሻምፒዮን አደረገ፤ በ1959 ፖርቶን ለፖርቱጋል ሊግ ዋንጫ አበቃና ወዲያው ወደ ሊዝበኑ ክለብ ቤንፊካ ተሻገረ። አባባሉ በራሱ ላይ የተፈተነው እዚህ ነው፤ በአሠልጣኝነት ዘመኑ ሦስት ሙሉ የውድድር ዘመን በተከታታይ የቆየበት ክለብ ቤንፊካ ነውና። በ1960 እና በ1961 ሊጉን አሸነፈ፤ በ1961 በርን ላይ ባርሴሎናን 3 ለ 2 ረትቶ የአውሮፓን ዋንጫ ወሰደ። በሦስተኛው ዓመት ግን ቤንፊካ በሊጉ ሦስተኛ ወጣ። በዚያው ዓመት አምስተርዳም ላይ ሪያል ማድሪድን 5 ለ 3 አሸንፎ የአውሮፓን ዋንጫ ደግሞታል። በእረፍት ሰዓት ማድሪድ 3 ለ 2 ይመራ ነበር፤ ሦስቱንም ያገባው አሁን ለማድሪድ የሚጫወተው ያው ፑሽካሽ ነው። ጉትማን ፑሽካሽን ከማሳደድ ይልቅ ኳስ የሚያቀብለውን ዲ ስቴፋኖን የቤንፊካው ካቬም እንዲይዘው አዘዘ፤ ምንጩ ደረቀ። በሁለተኛው አጋማሽ ኮሉና አንድ፣ ወጣቱ ዩሴቢዮ ሁለት አገቡ። ለአንድ የፍጻሜ ጨዋታ የሚበቃ ብልሃት አልጎደለውም፤ የጎደለው በየሳምንቱ ሊግ ላይ የሚያስፈልገው ነው። ተጨማሪ ክፍያ ጠይቆ ሲከለከል ተለየ።

እዚህ ላይ አባባሉን ከ«እርግማኑ» መለየት ያስፈልጋል። ጉትማን ሲለይ ቤንፊካ ለ100 ዓመት የአውሮፓ ሻምፒዮን አይሆንም ብሏል የሚባለው ሌላ ወሬ ነው። ቤንፊካ ከ1963 እስከ 2014 ስምንት የአውሮፓ ፍጻሜዎችን መሸነፉ ወሬውን አገነነው እንጂ፣ ስለ ሦስተኛው ዓመት ምንም አይነግረንም።

በዘመናችን አባባሉ የሚለጠፈው በፖርቱጋላዊው አሠልጣኝ በጆዜ ሞሪኞ ላይ ነው። በ2015 ከቼልሲ፣ በ2018 ከማንቸስተር ዩናይትድ የተሰናበተው በሦስተኛ ዓመቱ ነው። ሆኖም በመጀመሪያው የቼልሲ ቆይታው፣ በሦስተኛው ዓመት፣ ሁለት የእንግሊዝ ዋንጫዎችን አንሥቷል። አሌክስ ፈርጉሰን ደግሞ ረዳቶቹንም ተጫዋቾቹንም በየጊዜው እየለወጠ ዩናይትድን ከ26 ዓመት በላይ አሠልጥኗል። ስለዚህ ቆጠራው የሚሠራው ሰዎቹም ቃሉም ሳይለወጡ ሲቀሩ ነው።

ጉትማን ራሱ በ1965 ወደ ቤንፊካ ተመልሶ ነበር። ክለቡ በተከታታይ ሦስት ጊዜ የሊግ ሻምፒዮን ሆኖ ነው የጠበቀው። ዩሴቢዮና ኮሉናን ጨምሮ ብዙዎቹ የአምስተርዳም ተጫዋቾች አሁንም እዚያው ነበሩ፤ ልምምዱንም ንግግሩንም ያውቁታል። ሊጉን ስፖርቲንግ ወሰደ፤ በመጋቢት 1966 ማንቸስተር ዩናይትድ ሊዝበን ድረስ መጥቶ 5 ለ 1 ረታው። በወረቀት ላይ የመጀመሪያ ዓመቱ ነበር።