ሱስንዮስ፦ ሰው የሸሸው፣ ብራና ያልተወው ስም

ባሕር ዳር ላይ ፋሲል የሚባል ጎረቤት፣ የክፍል ጓደኛ ወይም የባጃጅ ሾፌር የማያውቅ ሰው ያለ አይመስለኝም። የዐፄ ፋሲል አባት ስም ግን ከታሪክ መጽሐፍ ወጥቶ ሰው ሲጠራበት የሚሰማው ከስንት አንዴ ነው። የእህቴ ባል ይህን እያወቀ ለበኩር ልጁ ሱስንዮስ የሚል ስም አወጣ። ከክርስትናው ድግስ ጀምሮ ቡና በተፈላ ቁጥር ስሙ ችሎት ይቀርባል፤ ዳኛውም ምስክሩም ጎረቤት ነው። ሲደጋገሙ የሰማኋቸውን ክሶች እዚህ አነሣለሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ የበዓላቱን ቀን ግን በእኛው ጽፌያለሁ።

«የካቶሊክ ስም ነው፤ ፖርቱጋሎች ናቸው ያመጡት»

ሁልጊዜ ቀድሞ የሚመጣው ይህ ነው፤ መነሻውም አይጠፋም። ዐፄ ሱስንዮስ ከ1607 እስከ 1632 ነግሠው፣ በ1622 የካቶሊክ እምነትን መቀበላቸውን በይፋ ገልጸዋል። ሰውም ንጉሡንና ስማቸውን አንድ ላይ አስሮ ወደ ሮም ሸኛቸው።

ንጉሡን ያሳመነው ስፔናዊው የካቶሊክ ሚስዮናዊ ፔድሮ ፓኤዝ ኢትዮጵያ የገባው በ1603 ነው። በ1572 አካባቢ የተወለዱት ሱስንዮስ ያን ጊዜ ሠላሳ ዓመት የሞላቸው፣ ለዙፋን የሚታገሉ ጎልማሳ ነበሩ። ስማቸው ያለው በስንክሳር፣ የቅዱሳንን ታሪክ በየዕለቱ በሚያስነብበው መጽሐፍ፣ ነው። ሚያዝያ 26 ቀን ስንክሳሩን የገለጠ ሰው በሮማዊው ንጉሥ በዲዮቅልጥያኖስ ዘመን የተሠዋውን ሰማዕቱን ቅዱስ ሱስንዮስን ያገኘዋል። የግብፅ ክርስቲያኖችም በዚያው ቀን ያስቡታል፤ ስንክሳሩ ወደ ግእዝ የተተረጎመው ከእነርሱ መጽሐፍ ስለሆነ አያስገርምም። እዚያው ግብፅ፣ ባዊት በተባለው ጥንታዊ ገዳም፣ ቅዱሱ በፈረስ ተቀምጦ አንዲት ሴት ጋኔን በጦር ሲወጋ የሚያሳይ የግድግዳ ሥዕል ተገኝቷል። ሥዕሉ ፓኤዝን ከስምንት መቶ ዓመት በላይ ይቀድመዋል።

ግሪኮች ሲሲንዮስ ይሉታል። በአምስተኛውና በዐሥረኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሁለት የቁስጥንጥንያ ፓትርያርኮች በዚህ ስም ተጠርተዋል። ለካቶሊክ ክርክሩ ማስረጃ ያጣ ሰው ካለ ደግሞ አንድ እኔው ላቀብለው፦ በ708 ሲሲንዮስ የሚባል የሮም ጳጳስ ነበረ። ችግሩ ሰውየው ሶርያዊ ነው፤ በመንበሩ የቆየውም ሃያ ቀን ገደማ ብቻ ነው፤ ሮምና ቁስጥንጥንያም ያን ጊዜ ገና አልተለያዩም።

ከባሕር ዳር ወጥቶ የጢስ ዓባይን ፏፏቴ ሊያይ የሚሄድ ሰው በእግሩ የሚሻገረው የድንጋይ ድልድይም ተመሳሳይ ዕጣ ደርሶታል። አስጎብኚዎች «የፖርቱጋሎች ድልድይ» ይሉታል። ያሠሩት ዐፄ ሱስንዮስ ናቸው፤ በዘመኑ የነበረው የኢየሱሳውያን (የካቶሊክ ማኅበር) ጸሐፊ ማኑኤል ደ አልሜይዳ እንደ ተወው ማስታወሻ ከሆነ ሥራውን የመራው ከሕንድ የመጣ ባለሙያ ነው። በእኛ አገር የሱስንዮስ የሆነ ነገር ሁሉ ለፖርቱጋሎች ይመረቃል።

«ሃይማኖታቸውን ሲለውጡ የወሰዱት ስም ነው»

ሲነግሡ የወሰዱት ስም መጀመሪያ መልአክ ሰገድ፣ በኋላም ሥልጣን ሰገድ ነው። ሱስንዮስ ከዙፋኑም ከካቶሊክነቱም በፊት የነበራቸው ስም ነው። አባታቸው አቤቶ ፋሲለደስ ይባሉ ነበር፤ ፋሲለደስም መስከረም 11 ቀን የሚታሰብ ሰማዕት ነው። ንጉሡ ደግሞ ልጃቸውን በአባታቸው ስም ጠሩት። በዛሬው አጻጻፍ ቢሆን የጎንደሩ ንጉሥ መታወቂያ «ፋሲለደስ ሱስንዮስ ፋሲለደስ» ይል ነበር። ከሦስቱ የዳሩን ሁለት ወስደን መካከለኛውን ብቻ የባዕድ ስም ማለት እንዴት እንደሚቻል አይገባኝም።

«ሱስ ከሚለው ቃል የመጣ ነው»

ልጁ ትምህርት ቤት ሲገባ ይህን ቀልድ መስማቱ አይቀርም። ከቀልድ አያልፍም።

«የደብተራ ስም ነው፤ ለልጅ አይወጣም»

ይህን የሚሉት አዛውንቶች ናቸው፤ ከክሶቹ ሁሉ ሥር ያለውም ይኸኛው ነው። የሕፃኑ አባት አክስት ከዘጌ መጥተው ስሙን ሲሰሙ ስኒያቸውን አስቀመጡና «ልጄ፣ እሱ እኮ ለአራስ የሚደገም ነው። ሰው ይጠራበታል እንዴ?» አሉ። ቀጥለው ከአንገታቸው ሥር ከእናታቸው የወረሱትን አጭር የቆዳ ማኅደር አውጥተው ከፈቱት። ውስጡ የተጠቀለለ ብራና ነው። እንዲህ ያለው ክታብ በባህሉ ርዝመቱ በባለቤቱ ቁመት ልክ ይቆረጥ ነበር፤ ከራስ እስከ እግር እንዲጠብቅ ነው። አርእስቱ በቀይ፣ ጸሎቱ በጥቁር ቀለም ተጽፏል። «ለአመትከ» (ለአገልጋይህ) ከሚለው ቀጥሎ የባለቤቷ የክርስትና ስም ይገባል። በአክስት ብራና ላይ ያ ቦታ ተፍቆ ሳስቷል፤ የእናታቸው ስም ወጥቶ የእርሳቸው ወለተ ማርያም ገብቶበታል። አንድ ክታብ ሁለት ሴቶችን አገልግሏል ማለት ነው።

በክታቡ ያለው ታሪክ የሚከተለው ነው። ሱስንዮስ ሚስት አግብቶ ወንድ ልጅ ይወልዳል፤ ውርዝልያ የምትባል ሴት መጥታ ሕፃኑን ትገድልበታለች። እሱም በፈረሱ ተቀምጦ፣ ጦሩን ይዞ ፍለጋ ይወጣል። መንገድ ላይ ያገኛት አሮጊት ውርዝልያ የገባችበትን አትክልት ስፍራ ትጠቁመዋለች። ከፈረሱ ወርዶ ወደ ምሥራቅ ዞሮ ይጸልያል፤ ከሰማይ ኃይል ሲሰጠው ተመልሶ ይጋልብና ቀኝ ጎኗን ይወጋታል። እርሷም ከመሞቷ በፊት ስሙ በሚጠራበት ቦታ ሁሉ ላትደርስ በመላእክት ስም ትምላለች። ልጅ የሚሞትባት እናት ክታቡን የምታስጽፈው ይህንን መሐላ ይዛ ነው።

ስለዚህ አክስት ያሉት ከመሬት የተነሣ አይደለም። ስሙ በሰው ላይ ብርቅ በሆነበት አገር፣ በየጓዳው በብራና ተጽፎ በእናቶች አንገት ላይ ሲኖር ኖሯል። በየቀኑ የሚታመኑበትን ስም ግቢ ውስጥ ኳስ ለሚያባርር ልጅ መስጠት ድፍረት መስሎ ቢታያቸው አልፈርድባቸውም። ግን ደብተራ ስሙን ጻፈው እንጂ አልፈጠረውም፤ ሰማዕቱ በስንክሳር የራሱ ቀን አለው። በዚያው ክታብ ላይ ሚካኤልና ገብርኤልም አሉ፤ ልጁን ገብርኤል ብሎ ከመሰየም የተከለከለ ሰው እስካሁን አላየሁም። ይህን ለአክስት ስነግራቸው «እነሱስ መላእክት ናቸው» ብለው ማኅደሩን ዘጉት። ክርክሩ እዚያ ላይ ቆሟል።

«ስሙን የያዘ ልጅ ሾተላይ አይነካውም»

ይህ ደግሞ ከተቃራኒው ወገን የሚመጣ ነው፤ ስሙን የሚደግፉ ሰዎች ይሉታል። ልማዱ ራሱ እንዲህ አይልም። ጸሎቱ ለእናቲቱና ለአራሱ የሚነበብ ነው፤ ልጅ የሞተባት እናት ለሚቀጥለው የምታወጣው ስም ካሳ፣ ምትኩ፣ ማስረሻ ወይም ተካልኝ ነው። ሐኪሞች ዛሬ ሾተላይ ሲሉ በአብዛኛው የሚያወሩት ስለ እናትና ስለ ፅንስ የደም ዓይነት አለመጣጣም ነው፦ እናቲቱ አር ኤች ኔጌቲቭ፣ ፅንሱ ፖዘቲቭ ሲሆን የእናቲቱ ሰውነት የፅንሱን ደም የሚያጠቃ መከላከያ ያመርታል። ብዙውን ጊዜ የሚጎዳው የመጀመሪያው ሳይሆን ቀጣዩ ልጅ ነው። መፍትሔው መርፌ ነው፤ በ28ኛው የእርግዝና ሳምንት አካባቢ ይሰጥና፣ የተወለደው ልጅ ፖዘቲቭ ከሆነ ከወሊድ በኋላ በ72 ሰዓት ውስጥ ይደገማል። የደም ዓይነት በመጀመሪያው የእርግዝና ክትትል ይታወቃል፤ እህቴ ራሷ ክታቡንም ሳትቃወም ምርመራውን አድርጋለች።

«ከንጉሡ በኋላ ማንም አልተጠራበትም»

በ1770 የትግራዩ ኃያል መስፍን ራስ ሚካኤል ስሑል ከጎንደር ርቀው ሳሉ ተቃዋሚዎቻቸው አንድ ሰው ዙፋን ላይ አውጥተው ነበር። ስሙ ሱስንዮስ ነው። ጥቂት ወራት ብቻ ቆይቶ፣ ሚካኤል ሲመለሱ ወረደ። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በዚያው ዓመት እዚህ አገር ስለነበር ስለ እርሱ ጽፏል፤ ያውም በጎ ነገር አላለለትም። ከዐፄ ሱስንዮስ ሞት ከመቶ ሠላሳ ዓመት በላይ በኋላ፣ በዚያው በጎንደር ቤተ መንግሥት ዙሪያ ስሙ በሰው ላይ ነበረ ማለት ነው። ዕድለኛ ስም ነው ብዬ ግን አልከራከርም።

«የተተወው ስለተረገመ ነው»

አፈ ታሪኩን ሁሉም ያውቀዋል፦ ንጉሡ ሃይማኖት በመለወጣቸው ምላሳቸው ተጎልጉሎ ወጣ፤ የዳኑትም ሃይማኖቱን ሲመልሱ ነው። የታሪኩ ገጽ ከዚህ የከበደ ነው። በሰኔ 1632 በወይና ደጋው ውጊያ ከላስታ የመጡትን ዐማፅያን ድል አደረጉ፤ በሜዳው የወደቁት በሺዎች የሚቆጠሩ የገዛ ሕዝባቸው ነበሩ። ወዲያው የቀድሞው ሃይማኖት እንዲመለስ አወጁ፤ መንግሥቱንም ለልጃቸው ለቀቁ። «ፋሲል ይንገሥ፣ ሃይማኖት ይመለስ» የሚለው ቃል እስከ ዛሬ በሰው አፍ አለ። በዚያው ዓመት ሞተው አዘዞ ገነተ ኢየሱስ ተቀበሩ። የልጃቸው የዐፄ ፋሲል አፅም ደግሞ እዚሁ ጣና ላይ በዳጋ እስጢፋኖስ አለ፤ ከባሕር ዳር በጀልባ የሚሄዱ ወንዶች ያዩታል፣ ሴት ወደ ደሴቱ አይገባም።

ያ ቃል ለልጁ ስም አደረገለት፤ የአባቱን ስም ደግሞ ከወላጅ አፍ አወጣው የሚል ግምት አለኝ። ከእርግማን ጋር ግን አላገናኘውም። ቤተ ክርስቲያን ከንጉሡ ጋር ያን ያህል ስትጣላ እንኳ ሚያዝያ 26ን ከስንክሳሯ አላወጣችም።

«ብርቅ ስም ለልጁ መከራ ነው»

በዚህኛው በከፊል እስማማለሁ። መከራው ፊደሉ ነው። ሱስንዮስ፣ ሱሰንዮስ፣ ሱሲንዮስ፣ ሶስንዮስ እየተባለ ሲጻፍ አይቻለሁ። በእኛ ሥርዓት የአንድ ሰው ስም ለልጁ ሁለተኛ፣ ለልጅ ልጁ ሦስተኛ ስም ሆኖ ይሄዳል፤ በልደት ምስክር ወረቀት ላይ የተሳተ አንድ ፊደል በትምህርት ማስረጃውና በፓስፖርቱ ላይ ሌላ ሰው ያደርገዋል። ፋሲል የሚባል ልጅ ይህ አያሳስበውም፤ ጸሐፊው ሳያስብ ይጽፈዋል። ብርቅ ስም ያወጣ ወላጅ የሚመርጠውን አጻጻፍ፣ በላቲን ፊደል የሚጻፈውን ጭምር፣ በወረቀት ይዞ መሄድና ከመፈረሙ በፊት ፊደል በፊደል ማንበብ አለበት። የእህቴ ባል የስንክሳሩን «ሱስንዮስ» መርጦ አስጽፏል።

አክስት እስከ ዛሬ «አቡሽ» ነው የሚሉት።