«የአንጎል አጥር» ሲባል ምን ማለት ነው?

ደብረ ብርሃን ውስጥ ጎረቤቴ የሆኑ እናት ሰሞኑን ጠየቁኝ። «ልጄ፣ ኤችአይቪ ያለው ደም ውስጥ ነው። አንጎልን ደግሞ አጥር ይጠብቀዋል ይላሉ። ታዲያ በየት በኩል ይገባል?» ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ቃሉ ራሱ ያደናግራል።

አጥሩ ለብቻው የቆመ ግድግዳ አይደለም። የአንጎል የደም ሥሮች የውስጥ ሽፋን ነው። የመንዝን የድንጋይ ካብ አስቡት። ጭቃ የለውም፤ ድንጋይ ከድንጋይ ገጥሞ ይቆማል። እዚህ ድንጋዮቹ ሴሎች ናቸው። ያውም በመካከላቸው ጥፍር አያስገባም።

ኤችአይቪ በዋናነት የሚያልፈው እንደ ተኩላው የበግ ለምድ ለብሶ ነው። ሞኖሳይት በሚባሉ ነጭ የደም ሴሎች ውስጥ ይደበቃል። እነሱ ማለፍ ስለሚችሉ ይዘውት ይገባሉ። በተያዝን በሳምንታት ውስጥ አንጎል ሊደርስ ይችላል።

የደም ሥሩ ሴሎችስ? ቫይረሱ የሚይዘው ሲዲ4 የተባለ መግቢያ ስለሌላቸው እንደ ነጭ የደም ሴሎች በቀላሉ አይያዙም። ግን ይጎዳሉ። ታት እና ጂፒ120 የተባሉት የቫይረሱ ፕሮቲኖች መጋጠሚያቸውን ያላላሉ። ካቡ ይሳሳል፤ ሌሎች የተያዙ ሴሎችም በቀላሉ ያልፋሉ።

አጥሩ መድኃኒትንም ያግዳል። አንዳንዱ ፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት በደንብ ያልፋል፣ አንዳንዱ እምብዛም ነው። ደግሞ «ቫይረሱ አልታየም» ሲባል ደም ውስጥ ያለው መጠን ከመለኪያው በታች ወረደ ማለት ነው። ከሰውነት ጠፋ ማለት አይደለም። እባካችሁ ይህን ሰምታችሁ ኪኒኑን አታቁሙ፤ ሲቋረጥ ቫይረሱ አብዛኛውን ጊዜ በሳምንታት ውስጥ ተመልሶ ይባዛል።