ሰው ሠራሽ አስተውሎትና የጅማ ሆቴል ሠራተኞች፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በጅማ ሆቴሎች ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ሲወራ ባለቤቱ የሚያስበው ስለ ወጪው፣ ሠራተኛው ስለ እንጀራው ነው። በሁለቱም ወገን ሲደጋገሙ እንደ እውነት የተያዙ አባባሎች አሉ።

«ይህ የአዲስ አበባ ጉዳይ ነው፤ ጅማ ገና ናት»

350 ኪሎ ሜትር ገደማ መራቅ ከዚህ አያስጥልም። እንግዳ አልጋ በሚይዝባቸው የኢንተርኔት ገጾች የትኛው ሆቴል ከላይ እንደሚታይ የሚወስነው ማሽን ነው። የጉግል መተርጎሚያም እ.ኤ.አ. በ2016 አማርኛን፣ በ2022 ኦሮምኛን ጨምሯል። የውጭ ቋንቋ በመቻሉ ይፈለግ የነበረ እንግዳ ተቀባይ ይህን ቢያስብበት አይፈረድበትም።

«ሮቦት ሁላችንንም ይተካናል»

ጃፓን ውስጥ ተሞክሯል። እ.ኤ.አ. በ2015 በናጋሳኪ የተከፈተው «ሄን ና» የተባለ ሆቴል በሮቦቶች የሚሠራ ነበር፤ በ2019 ከ243 ሮቦቶቹ ከግማሽ በላይ የሚሆኑትን አሰናበተ። መኝታ ክፍል ውስጥ የምትቀመጠው ትንሿ ሮቦት የእንግዳውን ማንኮራፋት እንደ ጥያቄ ቆጥራ ከእንቅልፉ ትቀሰቅሰው ነበር። ሥራውም ተመልሶ በሰው ላይ ተደረበ።

«የሚፈራው ያልተማረው ነው»

ከሁሉም የሚያስቆጣኝ ይህ ነው፤ ሠራተኛን ይሰድባልና። ብሩአም እና ሃር የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2018 በኒውዚላንድ ሠራተኞች ላይ ባሳተሙት ጥናት፣ «ቴክኖሎጂ ሥራዬን ሊወስድብኝ ይችላል» የሚል ስሜት ያደረባቸው ሠራተኞች ለድርጅታቸው ያላቸው ታማኝነትና በሙያቸው ያላቸው እርካታ ዝቅ ብሎ፣ የመልቀቅ ሐሳባቸው ከፍ ብሎ ተገኝቷል። በ2019 በቻይና ሆቴሎች ሠራተኞች ላይ የታተመ ጥናትም ተመሳሳይ ነገር አይቷል፤ ድርጅታቸው እንደሚደግፋቸው በሚሰማቸው ዘንድ ግን ስጋቱ ወደ መልቀቅ የሚገፋበት ኃይል ደከም ይላል። እንግዲህ ብዙውን ነገር የሚወስነው አለቃው ነው፦ ምን ሊገዛ እንዳሰበ ቀድሞ ይናገራል ወይስ ኮምፒውተሩ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ያሳውቃል?

«ካልለቀቀ ተቀብሎታል ማለት ነው»

አይደለም። ስጋት የገባው ሰው መጀመሪያ የሚደብቀው የሚያውቀውን ነው። በየዓመቱ ለቡና ግዢ የሚመጣው ነጋዴ የትኛውን ክፍል እንደሚወድ፣ በጅማ ዩኒቨርሲቲ ምረቃ ሰሞን የትኛው ቤተሰብ ሳያስይዝ እንደሚመጣ የሚያውቀው ነባሩ ሠራተኛ ነው። ይህን እውቀት ወደ ሲስተሙ አስገባ ሲባል፣ ነገ ሊተካው ለሚችለው ማሽን በፈቃዱ ለምን ይሰጣል? ባለቤቱ «ሰነፍ» ይለዋል፤ እኔ ግን መልስ ያላገኘ ጥያቄ ነው እላለሁ። በሌላ በኩል፣ ቴክኖሎጂውን ለመማር ጊዜ የተሰጠው፣ ቦታው እንደማይነካ በግልጽ የተነገረው ሠራተኛ አዲስ አሠራር ራሱ ሲያመጣ ይታያል።

«ሕጉ ስለዚህ ምንም አይልም»

ይላል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ምርታማነትን ለማሳደግ አዲስ ቴክኖሎጂ ማስገባትን ውል ሊቋረጥባቸው ከሚችሉ ምክንያቶች አንዱ አድርጎ ያስቀምጣል። የሠራተኛ ቅነሳ ሲሆን ግን አሠሪው ማን እንደሚቀነስ የሚወስነው ከሠራተኛ ማኅበሩ ወይም ከሠራተኞች ተወካዮች ጋር ተመካክሮ ነው። ማኅበር የሌለበት ሆቴል ሠራተኞች ተወካዮቻቸውን ማሽኑ ከመገዛቱ በፊት ይምረጡ።