የሥራ ቦታን ለኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ ማዘጋጀት

የኢንፍሉዌንዛ ዓለም አቀፍ ወረርሽኝ የሚነሣው ብዙው ሰው የመከላከል አቅም ያላዳበረበት አዲስ የኤ ዓይነት ቫይረስ ከሰው ወደ ሰው በቀላሉ መተላለፍ ሲጀምር ነው። እ.ኤ.አ. በ1918፣ በ1957፣ በ1968 እና በ2009 ተከስቷል። መሥሪያ ቤቶች ለዚህ እንዲዘጋጁ ሲነገራቸው ቶሎ የሚታያቸው ማስክና ሳኒታይዘር መግዛት ነው። ከባዱ ጥያቄ ግን ግዢ አይደለም፤ ብዙ ሠራተኛ በአንድ ጊዜ ሲቀር ሥራው በማን ይቀጥላል የሚለው ነው።

እሳትና ጎርፍ ሕንፃና ንብረት ያጠፋሉ። ወረርሽኝ ሕንፃውንም ማሽኑንም ሳይነካ ሰውን ያስቀራል። የአሜሪካ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2006 ያወጣው ዕቅድ፣ ወረርሽኙ በሚበረታባቸው ሁለት ሳምንታት ገደማ እስከ 40 በመቶ የሚሆን ሠራተኛ ሊቀር እንደሚችል ታሳቢ አድርጓል። ይህ የታመሙትን ብቻ ሳይሆን አስታማሚዎችን፣ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ልጅ የሚጠብቁትንና ፈርተው ከቤት የማይወጡትን ይጨምራል።

ስለዚህ ዝግጅቱ የሚጀምረው ለአንድ ሳምንት እንኳ ሊቋረጡ የማይችሉ ሥራዎችን ለይቶ፣ ለእያንዳንዱ ከአንድ በላይ ተተኪ በመመደብ ነው። ቀዳዳው የሚገኘው ብዙ ጊዜ ትንሽ በሚመስል ነገር ነው፦ ቼክ የሚፈርመው አንድ ሰው ብቻ ነው፣ የካዝናው ቁልፍ በአንድ ኪስ ነው ያለው፣ የደመወዝ ፕሮግራሙን የይለፍ ቃል የሚያውቀው አንዱ ሒሳብ ሠራተኛ ነው። ተተኪው ስሙ ወረቀት ላይ መስፈሩ አይበቃም፤ ባለቤቱ በጤና እያለ ሥራውን ቢያንስ አንድ ጊዜ ሠርቶት ማየት አለበት።

ሁለተኛው ጉዳይ የሕመም ፈቃድ ነው። የያዘው ሰው ምልክት ከማሳየቱ አንድ ቀን ቀደም ብሎ ቫይረሱን ማስተላለፍ ሊጀምር ይችላል፤ ስለዚህ የታመመውን ወደ ቤት መላክ ብቻውን ስርጭቱን አያቆምም፣ ግን በጣም ይቀንሰዋል። የቀረበት ቀን ከደመወዙ የሚቆረጥበት ሠራተኛ ደግሞ እያተኮሰውም ይመጣል፤ በግድግዳ የተለጠፈ ማስጠንቀቂያ አይመልሰውም። የሐኪም ወረቀት መጠየቅም በዚያ ሰሞን ቀድሞ የተጨናነቀውን ክሊኒክ ከማጨናነቅ በቀር ጥቅሙ ትንሽ ነው። የተለመደው ምክር፣ ትኩሳቱ ያለ ማስታገሻ ከጠፋ 24 ሰዓት ሳይሞላ እንዳይመለስ ነው።

አደጋው ለሁሉም ሥራ እኩል አይደለም። የአሜሪካ የሥራ ደኅንነትና ጤንነት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጣው መመሪያ ሥራዎችን በአራት ደረጃ ከፍሏል፤ በሽተኛ የሚያክሙት በላይኞቹ ሁለት፣ ከብዙ ሰው ጋር በቅርብ የሚገናኙት መካከል፣ ከሕዝብ ርቀው የሚሠሩት ከታች ናቸው። ለታችኞቹ እጅ መታጠብ፣ መስኮት መክፈት፣ መራራቅና የሚቻለውን ከቤት መሥራት በአብዛኛው ይበቃል።

ክትባትን ለመጀመሪያው ማዕበል ተስፋ ማድረግ አያዋጣም፤ ለአዲስ ቫይረስ አዘጋጅቶ ለማድረስ ወራት ይፈጃል። የዓለም ጤና ድርጅት ሰኔ 11 ቀን 2009 እ.ኤ.አ. ወረርሽኙን ባወጀበት ጊዜ ሌላ ችግር ታየ። የማስጠንቀቂያ ደረጃው የሚለካው የስርጭቱን ስፋት እንጂ የሕመሙን ክብደት አልነበረም፤ በሽታው ደግሞ ከተፈራው ቀለል ያለ ሆነ። ዕቅዳቸውን ከአዋጁ ጋር ብቻ ያሰሩ ተቋማት የከባዱን ወረርሽኝ እርምጃ ለቀላሉም ለመውሰድ ይገደዳሉ። እርምጃውን በአካባቢው በሚታየው ሕመምና በራስ መዝገብ ላይ ባለው የቀሪ ቁጥር ልክ ደረጃ በደረጃ ማስቀመጥ ይሻላል።